ሰርተፊኬት ራት አይሆንም

ሰኔ መጣ ማለት ማስታወቂያ መጣ ማለት ነው። ፈተናው ሳያልቅ፣ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ሳንመልስ፣ ግድግዳው ላይ ወረቀት ይለጠፋል። «የኪነ ጥበብና የቅርስ ዝንባሌ ያላችሁ ተማሪዎች! ክረምቱን በጀጎል በሥራ ልምምድ የምታሳልፉበት ልዩ ዕድል!» ይላል። ሁለት ወር። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ደግሞ «ላጠናቀቁ የምስክር ወረቀት ይሰጣል» የሚል አለበት። ስለ ምሳ አንድ ቃል የለም። ስለ ቤት ኪራይ የለም። ስለ ባጃጅም የለም። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህንን ወረቀት ስንት ክረምት አነበብነው? ስንት ጊዜስ «ኧረ ጥሩ ዕድል ነው» እየተባባልን ተመዘገብን?

እኔ ተመዝግቤያለሁ። ስለዚህ የምጽፈው የሰው ወሬ ሰምቼ አይደለም።

የገባነው ግንቡ ውስጥ ካሉት ቤቶች በአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጠቤ ከልማዱ እንጂ ከቤቱ ጋር አይደለም። ሰባት ነበርን። ሥራችን የስፌት ዕቃ መመዝገብ፣ መለካትና መሣል ነበር፤ ጣሪያው ባፈሰሰ ቀን ደግሞ ባልዲ እያቀባበልን የተጻፈ ወረቀት ከእርጥበት ማሸሽ። አልዋሽም፣ ሥራው ግሩም ነበር። በክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ «የቅርስ አያያዝ» እያልን ከጻፍነው ማስታወሻ ይልቅ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አስተማረኝ። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ አክርማው በስንደዶው ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ወስፌው በየት በኩል እንደሚገባ፣ የቀለሙ ዙር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገናኝ ያሳዩን ነበር። እኛ እርሳስ ይዘን ስንሽቀዳደም «ከመሣላችሁ በፊት ቁጠሩት» አሉን። ዙሩን ያልቆጠረ ሰው የሚሥለው ክዳን እንጂ ስፌት አይደለም ማለታቸው ነው። ይህንን የሚል መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም።

ከሰባታችን አንዱ ከጉርሱም ገጠር የመጣ ልጅ ነው። ዝም ያለ ነው። እጁ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። እኔ ሙዳይ ስሥል ድንች ይመስላል፤ እሱ ሲሥለው የአክርማው ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለት ሳምንት ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀረ፤ ማክሰኞም ቀረ። ታሞ እንደሆነ ብለን ብንጠይቅ ያለው አወዳይ ነው። ሄድሁ። ሌሊት የመጣ ጫት እያሰረ አይሱዙ ላይ ይጭናል። «ምነው? እንዲህ ያለ ነገር ጥለህ?» አልሁት። ቀና ሳይል «ተወኝ ጌታው፣ ሰርተፊኬት ራት አይሆንም» አለኝ። የተከራየባት ክፍል ባለቤት የወሩን ጠይቃዋለች፤ ቤተሰቡም «ክረምቱን ሥራ ይዟል» ሲባል ገንዘብ ይልካል ብለው ይጠብቃሉ። ምን ይላቸዋል? «የሙዳይ ሥዕል ልኬላችኋለሁ» ይበል?

ነሐሴ ሲያልቅ ሦስት ቀረን። አንዷ አባቷ እዚያው ጀጎል ውስጥ ቤት አላቸው። አንደኛው ወንድሙ ነጋዴ ነው። እኔ ሸዋ በር አጠገብ አክስት አለችኝ። እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ሁለቱን ወር የጨረስሁት ከጉርሱሙ ልጅ ይልቅ ጥበብን ስለምወድ አይደለም፤ አክስቴ ሽሮ ስለምትሠራ ነው። «ላሳዩት ትጋት» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ። ትጋቱ የአክስቴ ነበር፤ ስሟ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ «ነፃ ሥራ» ይባላል፤ ነፃ ግን አይደለም፤ የሆነ ሰው ይከፍለዋል። ወይ አባት ይከፍለዋል፣ ወይ አክስት፣ ወይ ተማሪው ራሱ በረሃቡ ይከፍለዋል። በዓመቱ ውስጥ ብንራብም ባንራብም የካፌው ደወል አለ፤ ክረምት ሲሆን ካፌውም ይዘጋል፣ መኝታውም ይዘጋል። በዚያ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ እያንዳንዳችን የወጪ መጋራት ውል ፈርመን፣ ገና ሳንመረቅ ባለዕዳ ሆነን ነው የምንማረው። ባለዕዳውን «ና ሁለት ወር በነፃ ሥራልኝ» ማለት ምን የሚሉት ቸርነት ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አሁን መልሱን አውቀዋለሁ። «ጥበብ በገንዘብ አትለካም» ይባላል። ይህንን ቃል ደመወዙን ወር በገባ ቁጥር የሚቀበል ሰው ሲናገረው ሰምቼዋለሁ፤ ደመወዝ የማይቀበል ሰው ሲናገረው ግን አልሰማሁም። ደግሞ ከኛው ከተማሪዎቹ መካከል ክፍያ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አሉ። «አያቶቻችን ማን ከፍሏቸው ተማሩ?» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ስለሆነ ቁጭ ብለን እንመልሰው።

የቆሎ ተማሪውን እናንሣ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ማን ነበር የሚሰጠው? መንደሩ ነበር። የአገሬው ሴት ከሌማቷ ቆርሳ ትሰጠው ነበር። የተማሪው ቀለብ በየደጁ ተሰፍሮ የተቀመጠ ያህል ነበር። የኛው የሐረሩ ደረሳስ? ይህች ከተማ ዕውቀት ፈላጊ ከሩቅ የሚጎርፍባት የእስልምና ትምህርት ማእከል የሆነችው ደረሳውን ከደጅ ስላባረረች ነው? መጥቶ የሚቀራውን ልጅ የሚያበላ፣ የሚያሳድር ቤት ስለነበረ ነው እንጂ። አያቶቻችን ብር አልተከፈሉም ይሆናል፤ እንጀራ ግን ተከፍለዋል። የዛሬው ማስታወቂያ የአያቶቻችንን ድካም ጠርቶ የአያቶቻችንን እንጀራ ይረሳል። እንግዲህ ልማዱን እናክብር የሚል ካለ ሙሉውን ያክብር፤ መንደሩ ያብላን፤ ያን ጊዜ እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

ከቅርቡም ቢሆን ምስክር አለ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ሲጀመር፣ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ ያገለግል ነበር። ግዴታ ነበር፤ ያኔም የተቃወመው ተማሪ ጥቂት አልነበረም። ነገር ግን ለኑሮ የሚሆን አበል ይሰጠው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ዘመቻውን አላሞግስም። በስንቱ ቤት ስንት ሐዘን እንደተረፈ፣ ስንቱ ጥሎ እንደወጣ ታላላቆቻችን ይናገራሉ። ግን ያ ክንደ ብርቱ መንግሥት እንኳ ዘማቹን «ቀለብህን ከአክስትህ ቤት አምጣ» አላለውም። የዛሬው የክረምት ልምምድ ከዚያ የባሰ ድፍረት አለበት ብል ማጋነን ይሆንብኛል? ይሁን፣ አጋነንሁ። ማን እንደሚያርመኝ እናያለን።

ሌላም የሚጠቀስብን ሰው አለ። «አቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ተመልከቱ፤ ማን ከፈላቸው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ የሸሪፍ ሙዚየም የተጀመረው በአንድ ሰው ቤት፣ በአንድ ሰው ኪስ ነው። የሐረርን ጥንታዊ ጽሑፍ፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን፣ በቴፕ የተቀረጸውን ዜማ ከየቤቱ እየለመኑ፣ እየገዙ፣ የተበላውን መጽሐፍ እየጠገኑ ሰበሰቡት። በ1998 እ.ኤ.አ. በቤታቸው ለሕዝብ ከፈቱት። እናስ? በ2007 እ.ኤ.አ. ስብስቡ ቀድሞ የራስ ተፈሪ መኖሪያ ወደነበረው ትልቅ ቤት የገባው ፍቅር ግድግዳ ሆኖ ስላቆመው ነው? ክልሉ ቤት ስለሰጠ ነው። ለአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ባርኔጣ ማንሣት ተገቢ ነው፤ የአንድን ሰው መሥዋዕትነት ለሺህ ተማሪ መመሪያ አድርጎ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደሳቸው ያለ ሰው በመቶ ዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ቅርሱ ግን መቶ ዓመት አይጠብቅም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው ያፈስሳል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታንም እናስታውስ፤ የሐረር ልጅ ነው፣ በ1932 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና የሚጽፉ፣ ሐረግ የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ቤቱ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው፤ ቀለሙና ብዕሩ ከማዕዱ አጠገብ ነበር። ከዚያም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮሎኝ ሄደ። የሌላ አገር ሕዝብ እያበላው ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰና በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. አረፈ። አባቱ ብራና የማይጽፍለት ልጅስ? የጉርሱሙ ልጅ አባት አራሽ ነው። ለሱ «ቤቱ» ሊሆንለት የሚችለው ያ የክረምት ልምምድ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዘጋንበት።

ሌላ አገር እንዴት ነው ለሚል፦ አሜሪካኖች በዚያ በከፋው የሥራ ማጣት ዘመን፣ ከ1935 እስከ 1942 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥታቸው ለሥራ ፈት ሠዓሊዎች ደመወዝ እየከፈለ የገዛ ሕዝባቸውን የእጅ ሥራ አሣለ። ወንበር፣ ማሰሮ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጅ መጫወቻ ሳይቀር። ከ18,000 በላይ የውሃ ቀለም ሥዕል ተከማቸ፤ ዛሬ ዋሽንግተን በብሔራዊ የሥዕል ቤታቸው ተቀምጧል። ለሙዳይና ለመሶብ ደመወዝ ተከፈለ ማለት ነው! የሎስ አንጀለሱ የጌቲ ድርጅት ደግሞ ከተማዋ በ1992 እ.ኤ.አ. በሁከት ከታመሰች በኋላ፣ ከ1993 ጀምሮ፣ ከሙዚየሙ ዓለም ውጪ ለቀሩ ሕዝቦች ልጆች በየክረምታቸው አሥር ሳምንት በክፍያ የሚያሠራ ፕሮግራም አቆመ። ባለጠጎች ስለሆኑ ነው ትሉኛላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ። ግን ሐሳቡን ልብ በሉ፤ ገንዘቡን ያወጡት ያለ ክፍያ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ቆጥረው ስላወቁት ነው። እኛ ደግሞ በዓይናችን አይተነዋል፤ ሰባት ገብተን ሦስት ወጣን።

እሺ፣ ጀጎል ውስጥ ምን የሚከፈልበት ሥራ አለ? እንዴ! ከሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረች ከተማ ናት። 82 መስጊድ፣ ሦስቱ የአሥረኛው ክፍለ ዘመን ናቸው የሚባሉ፤ 102 የተቀደሱ የአውልያ ስፍራዎች፤ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ግንብ። እያንዳንዱ የጌይ ቤት ነደባው፣ የግድግዳው መደርደሪያ ጉድጓድ፣ በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ስፌት ሥርዓት አለው፤ የቱ የት እንደሚሰቀል የሚያውቁት እናቶች ደግሞ እያረጁ ነው። ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ ብለን ጨፈርን፤ ዚክሪውን ቁጭ ብሎ የሚቀዳ፣ ቃሉን የሚጽፍ፣ የሚተረጉም ልጅ ስንት አለ? መኪና ግርግር ብትሄዱ ልብስ ሰፊዎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የሲንጀሩ ድምፅ ጆሮ ይሞላል፤ እሱንስ ማን ሥሎታል? ሥራው ሞልቶ ፈሷል። የጠፋው ሥራውን ሥራ ብሎ የሚጠራ ሰው ነው።

ደግሞ ክረምት ሲመጣ ከውጭ ተመራማሪዎችም ይመጣሉ። ይምጡ፣ ደግ ነው። ግን አስተውላችሁ ከሆነ ተመራማሪው አበል አለው፣ ሾፌሩ አበል አለው፤ ከሐረሪኛና ከኦሮምኛ እየተረጎመ ቤት ለቤት የሚያዞረው የኛው ተማሪ ግን «ልምድ ያገኛል» ይባላል። ልምድ! እኔ ልምድ የሚቀበል ባለሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቆይ ግን። እስካሁን ስለራሳችን ብቻ ነው ያወራሁት፤ አንድ ነገር ካልጨመርሁ ይህ ጽሑፍ ግማሽ ውሸት ይሆናል። እነዚያ «ቁጠሩት» ያሉን እናት ምን ተከፈላቸው? ምንም። ባጃጃቸውን እንኳ በራሳቸው ነበር የሚከፍሉት። ለኛ ቢያንስ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠን፤ ለሳቸው የሻይ ብርጭቆና «እግዜር ይስጥልን» ብቻ። እኛ እንደ ተማሪ ተቆጥረን ተጎዳን፤ እሳቸው ግን እንደ አስተማሪ እንኳ አልተቆጠሩም። ገበያው ላይ ደግሞ ስፌታቸውን ነጋዴው በርካሽ ወስዶ ለቱሪስት በስንት እጥፍ ይሸጠዋል። ስለዚህ «ለተማሪው ይከፈለው» ብሎ እዚያ ላይ የሚቆም ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። መጀመሪያ ለባለሙያዋ፣ ቀጥሎ ለተማሪው። ባለሙያዋ ያልተከፈላት ልምምድ፣ ተማሪው ቢከፈለውም፣ ሙያ መዝረፍ ነው።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። እኔ የገንዘብ ሚኒስቴር አይደለሁም፤ ዓይን ግን አለኝ። የክረምቱ መክፈቻ ቀን ለሁላችን ቲሸርትና ኮፍያ ታደለን። ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ ባነር ተሰቀለ። እንግዶች መጡ፣ ንግግር ሆነ፣ ምሳ ተበላ፤ በዚያ ቀን እኛም በላን፣ የሁለት ወሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ነጻ ምሳ እሱ ነበር። የቲሸርቱ፣ የባነሩና የምሳው ዋጋ ቢደመር የጉርሱሙን ልጅ የቤት ኪራይ አይሸፍንም? ሲሸፍን ይታየኛል። ደግሞም ሰባት ሰው በባዶ ከማሰለፍ ሁለት ሰው በክፍያ መውሰድ ይሻላል። ቁጥር የሚወደው ሪፖርት ነው። ስፌቱ ግን ምን ያህል ሰው እንደተሰለፈ አያውቅም፤ የሚያውቀው ማን እንደቆጠረው ነው።

ከጓደኞቼ አንዱ ይህንን ረቂቅ አንብቦ «ገንዘብ ከገባበት ዘመድ ይገባበታል» አለኝ። ሥጋቱ ይገባኛል። ግን አሁንም የሚገባው ዘመድ ያለው ነው፤ ልዩነቱ ዘመዱ ቢሮ ሳይሆን ወጥ ቤት መቀመጡ ነው። ሥዕሉን ያምጣ፣ ስም ተሸፍኖ ይታይ፣ እጁ ይመስክርለት። ክፍያውም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሁን፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ገንዘብ ሐምሌ ላይ ለተራበ ሰው ተረት ነው። የሣለው ሥዕል ላይ ደግሞ ስሙ ይጻፍ፤ ያሳየችው እናትም ስሟ ከጎኑ ይጻፍ። ይህ ብዙ ነው?

የጉርሱሙ ልጅ ደብተር አሁን እኔ ዘንድ ነው። ሊመለስ ነው ብዬ ከዚያ ቤት መደርደሪያ ላይ አንሥቼ ያዝሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መሶብ አለ፤ ከታች ጀምሮ ዙሩን እየቆጠረ፣ ቁጥሩን በዳር እየጻፈ ወጥቶ አሥራ አንደኛው ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ወረቀቱ ነጭ ነው። ልጨርሰው ሞክሬ ነበር፤ ድንች መሰለብኝና ላጲስ አነሣሁ።

ማስታወቂያው ዘንድሮም መለጠፉ አይቀርም። ሲለጠፍ አንቅደደው፤ መቅደድ ለነሱ ምክንያት መስጠት ነው። እስክሪብቶ ይዘን እንሂድና «የምስክር ወረቀት ይሰጣል» ከሚለው መሥመር ሥር፣ እያንዳንዳችን በየእጅ ጽሑፋችን፣ «ስንት ነው?» ብለን እንጻፍበት። ቦታ ካለቀ ጠርዙ አለ። ጠርዙ ካለቀ ግድግዳው አለ።